ሳይቃጠል በቅጠል፦ የመኪና ባትሪ ወደ ኋላ ሲዛወር

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ መኪና ባትሪ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኔ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የአጎቴ መኪና አዳማ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ነደደች። የ5 ዓመት ልጁ ውስጧ ነበር። መኪናዋ የነደደችው ተጋጭታ ወይም ቤንዚን አፍስሳ አይደለም። ባትሪዋ ከፊት ወደ ኋላ ኮፈን ሲዛወር አንዲት ትንሽ ዕቃ ስለተዘለለች ነው። ያቺ ዕቃ ስትዘለል ደግሞ እኔ እዚያው ቆሜ የእጅ ባትሪ እያበራሁ ነበር።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንደ ባለሙያ ሳይሆን ዘግይታ እንደጠየቀች ሰው ነው። ባትሪ ወደ ኋላ ማዛወር በራሱ ጥፋት አይደለም። በአግባቡ ከተሠራ ፋብሪካዎችም የሚያደርጉት ነገር ነው። አደጋው የሚመጣው ነገሩ "አንድ ኬብል መሳብ ብቻ" ሲመስለን ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

አጎቴ ኮሮላ ዲኤክስ አለው። ጣራዋ ላይ ሁለት ሞንታርቦ አስሮ የሱቅ ምረቃና የባዛር ማስታወቂያ እያሰማ ከተማውን ይዞራል። ሥራው እንጀራ ነው፣ ችግሩ ባትሪው ነበር። ገበያ ዳር ሞተር አጥፍቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ካስተዋወቀ በኋላ መኪናዋ አትነሳም፤ በቃ ሰው ለምኖ ማስገፋት ነው። በመጨረሻ ሰለቸውና የጭነት መኪና ትልቅ ባትሪ ገዛ። ትልቁ ባትሪ ግን ከሞተሩ ጎን ባለው መቀመጫ ላይ አልገባ አለ። ያኔ አንድ ጋራዥ "ምን ችግር አለው፣ ኋላ እናስቀምጥልሃለን፤ ለአምፕሊፋየሩም ይቀርባል" አሉት።

ጊዜው የጥር ወር የሴሚስተር ዕረፍት ነበርና እኔም አብሬው ሄድኩ። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ባትሪው ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ ተቀመጠና በጎማ ገመድ ታሰረ። ከፖዘቲቩ አንድ የብየዳ ኬብል ተነስቶ፣ በምንጣፉ ስር ተጎትቶ፣ በሹፌሩ ወንበር ሐዲድ ላይ አልፎ፣ የፊተኛውን ላሜራ በስቶ ሞተሪኖው ጋ ደረሰ። አጎቴ "ፊውዝ አያስፈልገውም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። የሚሠራው ልጅም "የሞተሪኖ ኬብል እኮ ፊውዝ የለውም፣ ጉልበት ይቀንስበታል" ብሎ መለሰ። አጎቴ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ክፍል ውስጥ "ለምን? እንዴት? ብላችሁ ጠይቁ" እየተባልን የምንማር ሰዎች ነን። እኔ ግን ያን ቀን ያበራሁት መብራቱን ብቻ ነው።

ልጁ የተናገረው ግማሽ እውነት ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ኬብል በእርግጥ ፊውዝ የለውም። ነገር ግን እዚያ ኬብሉ አጭር ነው፤ ከሞተሩ ክፍል አይወጣም፤ ፋብሪካው አስቦ ባስቀመጠው መስመር ያልፋል። ባትሪው ኋላ ሲሄድ ኬብሉ 4 ወይም 5 ሜትር ይሆናል፤ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ በወንበር፣ በበርና በስለታም ላሜራ አጠገብ ያልፋል። ለአጭሩ ኬብል የሚሠራው ምክንያት ለረጅሙ አይሠራም።

ያን ቀን የሆነው

ግንቦት ላይ አጎቴ ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ይዞ ሲመለስ፣ ፔዳሉ ራቀበትና ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ሐዲዱ ለአራት ወራት ሲፋቅ የከረመውን የኬብል ሽፋን ያን ጊዜ ጨርሶ ቆረጠው። ከምንጣፉ ስር ጭስ ወጣ። አጎቴ መኪናዋን ዳር አስይዞ ቁልፉን አጠፋ። ጭሱ ግን አልቆመም!

ይህን ልብ በሉልኝ። አብዛኞቻችን ቁልፍ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ በሙሉ የሚቆም ይመስለናል። ከባትሪው በቀጥታ የሚነሳው ኬብል ግን ከቁልፉ በፊት ያለ ነው። ቁልፉ ኖረም አልኖረም፣ መኪናዋ ቆመችም ሄደችም፣ ሌሊት ሁላችንም ተኝተን ሳለም ያ ኬብል ሙሉ የባትሪ ጉልበት ተሸክሞ ይጠብቃል።

አጎቴ መጀመሪያ ልጁን አወጣ። ከዚያ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ የባትሪውን ጫፍ ሊያላቅቅ ሞከረ። ጫፉ በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ የሚነደው ወንበር ስር ባለው የመፍቻ ሣጥን ውስጥ ነበር። በእጁ ሊነቅለው ሲታገል መዳፉ ተጠበሰ። የሰፈሩ ባለሱቆች አሸዋ እየዛቁ አጠፉት። ሁለቱ የፊት ወንበሮች፣ ምንጣፉና ዳሽቦርዱ ተቃጠሉ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የአጎቴ መዳፍ ላይ ግን ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

ባትሪ ምን ያህል ጉልበት አለው?

"12 ቮልት ሰው አይገድልም" ሲባል እንሰማለን። በእጅ ሲነካ አያነዝርም፣ ልክ ነው። አደጋው ያለው ግን ቮልቱ ላይ ሳይሆን ከረንቱ ላይ ነው።

የመኪና ባትሪ 6 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት አካባቢ ስለሚሰጥ በደንብ የተሞላ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ሲለካ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። አንድ አነስተኛ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ሲነሳ ሞተሪኖው ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል፤ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ደግሞ ከዚያም በላይ። ባትሪው የተሠራው ይህን ያህል ጉልበት በአንዴ እንዲሰጥ ስለሆነ የውስጥ ሬዚስታንሱ እጅግ ትንሽ ነው።

እስቲ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን የኦም ሕግ እናስላው። ፖዘቲቩ ኬብል የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ የባትሪው፣ የኬብሉና የመነካኪያው ሬዚስታንስ አንድ ላይ 0.01 ኦም ነው እንበል። 12 ቮልት ለ0.01 ሲካፈል 1,200 አምፔር ነው። 1,200 አምፔር በ12 ቮልት ሲባዛ 14,400 ዋት ይሆናል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። እንግዲህ አራት የጋለ ምጣድ ከምንጣፍ ስር ተቀጣጥሏል ማለት ነው። የኬብሉ ሽፋን ለመቅለጥ ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁታል።

ፋብሪካዎች ለምን ኋላ ያስቀምጣሉ?

ከአደጋው በኋላ መጠየቅ ጀመርኩ። ከ30 ዓመት በላይ የመኪና ኤሌክትሪክ የሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ስሜን ከነገርኳቸው በኋላ መጀመሪያ ያሉኝ "ልጄ፣ ቮልስ ውስጥ ተቀምጠሽ አታውቂም?" ነው። የቀድሞዋ ቮልስዋገን ባትሪ እኮ በኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው! ስንቶቻችን ሳናውቀው ባትሪ ላይ ተቀምጠን ሄደናል። እዚያ ባትሪው ላይ ክዳን አለ። ክዳኑ ጠፍቶ ከባድ ሰው ከተቀመጠ የወንበሩ የብረት ሞላ የባትሪውን ጫፎች ይነካና የወንበሩ መሙያ ይቀጣጠላል። ክዳኗ ቀላል ዕቃ ትመስላለች፤ ሥራዋ ግን ትልቅ ነው።

ሌሎችም አሉ። ማዝዳ ኤም.ኤክስ. 5 እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ባትሪው ኋላ ነበር። ብዙዎቹ የቢ.ኤም.ደብሊው. ሞዴሎችም እንዲሁ። ዋናው ምክንያት ክብደት ነው፤ ሞተር ፊት ላይ ስለሚከብድ ባትሪውን ወደ ኋላ መውሰድ የፊትና የኋላ ጎማዎች ጭነት እንዲመጣጠን ይረዳል። አጭር ርቀት የሚሽቀዳደሙ መኪኖችም የኋላ ጎማቸው መሬት እንዲቆነጥጥ ባትሪውን ኋላ ያደርጋሉ። ሌላው ምክንያት ሙቀት ነው። የሞተር ክፍል ይግላል፤ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ሦስተኛው፣ እንደ አጎቴ፣ የቦታ ጥበት ነው።

ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ባትሪውን ብቻ አይደለም የሚያዛውሩት። ቢ.ኤም.ደብሊው. እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፖዘቲቩ ጫፍ ላይ ትንሽ ፈንጂ ያለበት ማሰሪያ ይገጥማል። መኪናው በኃይል ሲጋጭ ፈንጂዋ ወፍራሙን የሞተሪኖ ኬብል ከባትሪው ትነቅለዋለች። እኛ ፈንጂ ባይኖረንም ከዚህ በታች ያሉትን ነገሮች ማድረግ እንችላለን።

አንደኛ፦ ማሰር

መካከለኛ ባትሪ 15 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። መኪና በኃይል ሲጋጭ ውስጡ ያለ ዕቃ ክብደቱ ብዙ እጥፍ የሆነ ያህል ወደ ፊት ይወረወራል። 20 እጥፍ ብንል 15 ኪሎው 300 ኪሎ፣ ማለትም 3 ኩንታል ይሆናል። ይህን የጎማ ገመድ አይይዘውም። ባትሪው በብረት መቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ ከላይ በብረት ማሰሪያ ተይዞ፣ ወፍራም ቡሎኖች የመኪናውን ወለል አልፈው ከስር በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ መጥበቅ አለባቸው። ምንጣፉን የያዘ ቡሎን ባትሪ አይዝም። ወለሉን ከመብሳት በፊት ደግሞ ከስር ገብቶ ማየት ግድ ነው፤ የነዳጅ ጋን፣ የነዳጅ ቱቦ ወይም የፍሬን ቱቦ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛ፦ ጋዙን ማስወጣት

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ፣ በተለይ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ በውስጡ ያለው ውኃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ይለወጣል። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲቀላቀል በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ቀላል ጋዝ ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣና ከኮፈኑ ክዳን ስር ይጠራቀማል። ፊት ለፊት የሞተሩ ክፍል ክፍት ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል፤ ኋላ ኮፈን ግን የተዘጋ ነው፤ ከተሳፋሪው ጋር የሚለየውም አንድ የወንበር መደገፊያ ብቻ ነው።

መፍትሔው ባትሪውን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አድርጎ፣ ከሣጥኑ ወይም ከባትሪው መተንፈሻ ቱቦ ወደ መኪናው ውጭ ማውጣት ነው። ቱቦው ሳይታጠፍና ሳይደፈን ወደ ታች ይወጣል፤ ጫፉም ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲያዘነብል አሲድ ሊያፈስ ስለሚችል ለዚህ ሥራ የታሸገው ዓይነት ይመረጣል። የታሸገውም ቢሆን ከመጠን በላይ ከተሞላ ጋዝ ያወጣልና ቱቦውን አንርሳ። የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ከኮፈኑ ከመጣ ባትሪው ከልክ በላይ እየተሞላ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሮችን ከፍቶ መራቅና ዲናሞውን ማስመርመር ነው። አሲድ ቆዳ ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ የኬብሉ ውፍረት

ኬብል በረዘመ ቁጥር ቮልቴጅ ይበላል። 5 ሜትር ርዝመትና 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ኬብል 150 አምፔር ሲያልፍበት 0.8 ቮልት ያህል ያስቀራል። ውፍረቱ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ጉዳቱ ወደ 0.37፣ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ 0.26 ቮልት ይወርዳል። ሞተር ሲነሳ የባትሪው ቮልቴጅ ራሱ ወደ 10 አካባቢ ስለሚወርድ 0.8 ማጣት ቀላል አይደለም፤ ሞተሪኖው "እህህ" እያለ ይደክማል። አጎቴ "ትልቅ ባትሪ ገዝቼ እንዴት እንደ ድሮው አልነሳ አለች?" ይል የነበረው ለካ ኬብሉ ቀጥኖ ነው። ጫፎቹም በመዶሻ ተቀጥቅጠው ሳይሆን በትክክለኛ መጭመቂያ መጨበጥ አለባቸው፤ የላላ ጫፍ ይግላል።

አራተኛ፦ የኬብሉ መንገድ

አዛውንቱ የነገሩኝን አልረሳውም፦ "ኬብል እንደ እባብ ነው፣ የት እንደሚያልፍ ካላወቅሽ አትተኚ።" ኬብሉ በፕላስቲክ ቱቦ ለብሶ በየሁለት ስንዝሩ መያዝ አለበት። ላሜራ በሚያልፍበት እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት ይደረግለት፤ ጥሬ ላሜራ እንደ ቢላዋ ነው፣ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይፍቀዋል። ከወንበር ሐዲድ፣ ከወንበር ቡሎን፣ ከበር ማጠፊያ፣ ከጭስ ማውጫ፣ ከነዳጅና ከፍሬን ቱቦ ይራቅ። ፕላስተር መጠቅለል የጎማ ቀለበትን አይተካም፤ ሙቀት ሲመጣ ሙጫው ይለቃል።

አምስተኛ፦ ፊውዝ

ያቺ የተዘለለችው ዕቃ ይቺ ናት። ብዙ ሰው ፊውዝ ሬዲዮውን ወይም ሞተሪኖውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ፊውዝ በዋናነት የሚጠብቀው ኬብሉን ነው። ኬብሉ ከመጋሉ በፊት ቀድሞ ተቃጥሎ ይቆርጠዋል። ራሱን ሰውቶ ሌላውን የሚያድን ዕቃ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ መሆን አለበት፤ ቢቻል በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ። ፊት ሞተሪኖው አጠገብ ብናስቀምጠው በመካከል ያለው 5 ሜትር ኬብል ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሁለተኛ፣ መጠኑ ሞተሪኖው ከሚስበው በላይ፣ ኬብሉ ሳይጎዳ ከሚሸከመው በታች መሆን አለበት። ለአነስተኛ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተርና ለ35 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 250 አምፔር የሆነ፣ በቡሎን የሚታሰር ትልቅ ፊውዝ ይመረጣል። እንዲህ ያለው ፊውዝ ሞተር ሲነሳ ያለውን የአፍታ ጭማሪ ይታገሣል፤ 1,200 አምፔር ሲመጣ ግን አይታገሥም። የናፍጣ ሞተር ብዙ ስለሚስብ ስሌቱም ኬብሉም ይለያል።

"ጉልበት ይቀንሳል" የሚለውስ? በደንብ የታሰረ ትልቅ ፊውዝ የሚያስቀረው ቮልቴጅ ከኬብሉ አንጻር ኢምንት ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ወይም በሲጋራ ብር ወረቀት መተካትስ? ያ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደመተው ነው።

በነገራችን ላይ ቀድሞ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሱ የነበሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ፊት ላይ በተከደነ ማገናኛ ይታሰራሉ እንጂ የራሳቸው ፊውዝ አይነሳም።

ስድስተኛ፦ ኔጌቲቩ

ከረንት ሄዶ መመለስ አለበት። ብዙ ጊዜ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ስለዚህ ከባትሪው ኔጌቲቭ አጭርና እኩል ወፍራም ኬብል፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በታየ ጠንካራ ቦታ ላይ በቡሎን ይታሰራል። ከፊት ደግሞ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ኬብል መወፈር አለበት። ሞተር በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ ያ ኬብል ከላላ ወይም ከቀጠነ ከረንቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የነዳጅ ወይም የፍሪሲዮን ገመድ ውስጥ አልፎ ገመዱን ያግላል። እንግዲህ "የነዳጅ ገመዴ ለምን ይያዛል?" የሚል ሹፌር መልሱን ባትሪ ላይ ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው።

ሰባተኛ፦ ማጥፊያ

የመኪና ውድድር ደንቦች ዋና ማጥፊያ የሚያስገድዱት በከንቱ አይደለም። ሰው ከውጭ ሆኖ ያለ መፍቻ በአንድ ጊዜ የሚያጠፋው መሆን አለበት። ምልክቱ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ላይ ያለ ቀይ መብረቅ ነው። ማጥፊያው ባትሪውን ብቻ ቢቆርጥ ግን ሞተሩ በዲናሞው ጉልበት መሥራቱን ሊቀጥል ስለሚችል ባለሙያው ሞተሩንም አብሮ እንዲያቆም አድርጎ ማገናኘት አለበት። ይህን ማድረግ ያልቻለ ቢያንስ የባትሪውን ጫፍ መፍቻ ቁልፍ እዚያው ሣጥኑ አጠገብ ይሰር። ፊተኛው ክዳን ስርም "ባትሪው ኋላ ነው" ብሎ ይጻፍ፤ ለመርዳት የሚሮጥ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ፊቱን ነው።

ሥራው ሲጀመርና ሲያልቅ

ሲፈታ ኔጌቲቭ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጌቲቭ መጨረሻ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፖዘቲቩን ስንፈታ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ ኔጌቲቩ ከተፈታ ምንም አይፈጠርም፤ ካልተፈታ ግን መፍቻው በእጃችን ላይ ይግላል። ቀለበትና የብረት ሰዓት ማውለቅም ለዚሁ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ በመልቲሜትር መለካት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ያለው ልዩነት ከ0.5 ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ኋላ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ሊታይ ይገባል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ ቡሎኖቹን ዳግም ማጥበቅና ኬብሉን በእጅ እየዳሰሱ ማየት ነው። ሠርቶ የሄደውን ሰው "መልቲሜትር አምጣና አሳየኝ" ማለት ነውር አይደለም፤ ገንዘቡ የእናንተ፣ ልጁም የእናንተ ነው።

ለመሆኑ ማዛወሩ የግድ ነው ወይ?

አዛውንቱ መጨረሻ ላይ የነገሩኝ ነገር ከሁሉም ይበልጥ አስገረመኝ። "ያጎትሽ መኪና መጀመሪያውኑ ባትሪዋ መዛወር አልነበረበትም" አሉኝ። ችግሩ ድምፅ ማጉያው ባትሪውን መጨረሱ ነበር። ለዚህ መፍትሔው ዋናውን ባትሪ ፊት ትቶ፣ ለአምፕሊፋየሩ ብቻ ሁለተኛ የታሸገ ባትሪ ኋላ ማስቀመጥ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ሞተሩ ሲጠፋ የሚለይ ሪሌይ በመካከል ይገባል። ሞንታርቦው ሁለተኛውን ቢጨርሰውም የፊተኛው ሳይነካ ይቀራል፤ መኪናዋም ትነሳለች። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ በሁለት ባትሪዎች መካከል የሚዘረጋ ኬብል ከሁለቱም ጫፍ ጉልበት ስላለው ፊውዙም በሁለቱም ጫፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ ስለ ባትሪ ማወቅ የባሰ ያስፈልገናል ብዬ አስባለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ ከ12 ቮልት ጋር አይወዳደርም፤ ብዙ መቶ ቮልት ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ወፍራም ኬብሎቹ ያልሠለጠነ ሰው የሚነካቸው አይደሉም። ከላይ የጻፍኩት ለተራው የ12 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው።

አጎቴ መኪናዋን አስጠግኖ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሥራው ተመልሷል። አሁን ፊት አንድ፣ ኋላ በሣጥን ውስጥ አንድ ባትሪ አለው። በክረምቱ ስሄድ ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ። ሣጥኑ፣ ቱቦው፣ ማጥፊያው፣ ፊውዙ ሁሉም አለ። ያቺ የፊውዝ ክዳን መዳፍ አታክልም። አጎቴ በጠባሳው መዳፉ መታ መታ አድርጓት "አንቺ ጋዜጠኛ፣ ያን ቀን ለምን አልጠየቅሽልኝም?" አለኝ። የቀልድ ነው፤ እየሳቀ ነው ያለው። ልጁ ከኋላ ወንበር ሆኖ ክላክሱን ንፋ እያለ ይጮሃል።

እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። እነሆ አሁን ጠይቄ የተነገረኝን ጻፍኩ። እናንተም ነገ አንድ ሰው "ፊውዝ አያስፈልገውም" ሲላችሁ፣ ከመብራቱ በፊት "ለምን?" የምትለዋን ቃል አብሩ። ሳይቃጠል በቅጠል!